በራስ የሚመራ የስቱዲዮ ሥራና የተማሪው ኤግዚቢሽን

በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡት የትምህርት ዓይነቶች መካከል ለመምህሩም ሆነ ለተማሪው እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ የሚገኘው በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚመጣው በራስ የሚመራ የስቱዲዮ ሥራ ነው። በዚህ ደረጃ መምህሩ ርእስ አይሰጥም፤ ሞዴል አያቆምም፤ የሚሠራበትንም ቁስ አይወስንም። ተማሪው የሚሠራውን ነገር ራሱ መርጦ፣ ራሱ አጥንቶ፣ ራሱ ሠርቶ፣ በመጨረሻም ከሠራው ውስጥ ለሕዝብ ሊታይ የሚገባውን ራሱ ለይቶ በኤግዚቢሽን ያቀርባል። በአንደኛና በሁለተኛ ዓመት የሰው አካል ንድፍን፣ የብርሃንና የጥላን ሥርዓት፣ የቀለም ቅመማን በሚገባ ያጠና ተማሪ እዚህ ሲደርስ በባዶ ሸራ ፊት ቆሞ ለሳምንታት ሲቸገር መታየቱ የተለመደ ነው።

የችግሩ ሥር ያለው ከዚያ በፊት በነበረው የትምህርት አሰጣጥ ውስጥ ነው። እጅ ሲሠለጥን ቆይቷል፤ ጥያቄ የማንሣት ልማድ ግን ሳይሠለጥን ቀርቷል። ጉዳዩን ቀላል አድርጎ የሚመለከት አስተማሪ ቢኖር ከምረቃ በኋላ ያለውን ሕይወት ሊያስብ ይገባዋል። ተመራቂው ከትምህርት ቤቱ ደጅ በወጣ ማግስት የሚቀጥለውን ሥራ የሚያዝለት መምህር አይኖርም። የራሱን ጉዳይ ፈልጎ ማግኘት ያልለመደ ሠዓሊ ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል፤ አንደኛው ብሩሹን አስቀምጦ ወደ ሌላ ሙያ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው አንድ ጊዜ ገዢ ያገኘለትን ሥዕል፣ የገበያ ሴቶቹን፣ ጎጆውንና የፀሐይ መጥለቂያውን፣ ለጎብኚዎች ዕቃ በሚሸጡ መደብሮች ዓመት ከዓመት እየደጋገመ ማቅረብ ነው። ለዕለት ጉርስ የሚሠራ ሰው በዚህ ሊወቀስ አይገባም። ይሁን እንጂ የሕዝብ ገንዘብና የአንድ ወጣት የብዙ ዓመት ጉልበት የፈሰሰበት ትምህርት ውጤቱ ይህ ብቻ ከሆነ ትምህርቱ ግቡን አልመታም።

በኢትዮጵያ የሥዕል ትምህርት ታሪክ ይህ ጥያቄ ሲታይ በአንጻሩ አዲስ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ጎን ተቀምጦ ቀለም እየበጠበጠ፣ የቅዱሳኑን አቋም፣ የልብሱን እጥፋትና የዐይኑን አጣጣል ከቀደመው ሥራ እየቀዳ ይማር ነበር። ምን ይሣል የሚለው በመጻሕፍት ቅዱሳት፣ በገድልና በተአምር አስቀድሞ የተመለሰ ስለ ሆነ የሠዓሊው ጭንቀት እንዴት ይሣል በሚለው ላይ ነበር። ይህ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ያፈራው ፍሬ በየአድባራቱ ግድግዳ ላይ ስለሚታይ ማንም ሊያቃልለው አይችልም። ዘመናዊው ትምህርት ግን ቀድሞ በሃይማኖቱ ተመልሶ የነበረውን ጥያቄ በተማሪው ጫንቃ ላይ ጣለው።

በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርታቸውን አጠናቀው የተመለሱት አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ ከጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተጠቃለለ ሲሆን ዛሬ በመሥራቹ ስም ይጠራል። በመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ጥቂት ዓመታት ተማሪው በአንድ ጣራ ሥር እጅግ የተለያዩ አመለካከቶችን ለማየት ችሎ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው የአብስትራክትን አሣሣል ይዘው መጡ። ጀርመናዊው ካርል ሃይንዝ ሐንሰን ባሂያ የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን አስተማሩ። በለንደንና በፓሪስ የቆዩት እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 ድረስ ባስተማሩበት ጊዜ የጥንቱ የብራናና የጠልሰም ሥዕል ለዘመናዊ ሠዓሊ የሐሳብ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል በሥራቸው አሳዩ። እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ መምህራን መኖራቸው ለተማሪው ከማንኛውም የጽሑፍ መመሪያ የበለጠ ትምህርት ነበር፤ አንዱን ብቻ መቅዳት አይቻለውምና። ከእነዚሁ መምህራን የተማሩት ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ስንጣቂዎች ላይ መሣልን የራሳቸው መንገድ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢዬናሌ አንደኛውን ሽልማት አግኝተዋል። ሥራቸው የአገሩን የጠልሰም ወግ ያስታውሳል፤ የማንኛውም መምህር ግልባጭ ግን አይደለም።

የዛሪያ ተማሪዎች

ተማሪዎች የራሳቸውን ጥናት በራሳቸው ስለ መምራታቸው ከአፍሪካ የሚጠቀሰው ዋና ምሳሌ በሰሜን ናይጄሪያ በዛሪያ ከተማ የሆነው ነው። በዚያ በነበረው የናይጄሪያ የሥነ ጥበብ፣ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ኮሌጅ የሥዕል ክፍል መምህራኑ በአብዛኛው አውሮፓውያን ነበሩ፤ ሥርዓተ ትምህርቱም በእንግሊዝ አገር ልማድ የተቀረጸ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1958 ኡቼ ኦኬኬ፣ ዴማስ ንዎኮ፣ ብሩስ ኦኖብራክፔያ፣ ዩሱፍ ግሪሎና ጓደኞቻቸው የዛሪያ የሥነ ጥበብ ማኅበርን መሠረቱ። እያንዳንዱ አባል የትውልድ አካባቢውን ተረት፣ እምነትና የእጅ ጥበብ እየሰበሰበ በስብሰባ ላይ ያቀርባል፤ ሌሎቹ ይከራከሩበታል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ማኅበሩ የክፍሉን ትምህርት አልናቀም። የዘይት ቀለም አያያዝን፣ የሰው አካል ንድፍን፣ የአውሮፓን የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማሪዎቹ በሚገባ ተከታትለዋል። ኦኬኬ እ.ኤ.አ. በ1960፣ አገሪቱ ነጻነቷን ባገኘችበት ዓመት፣ ተፈጥሯዊ ውሕደት ብሎ የሰየመው ሐሳብ ከውጭ የመጣውንና ከአገር የተወረሰውን ሠዓሊው በራሱ ፍርድ እያበጠረ ያዋሕድ የሚል ነበር። የሚበጠረውም ነገር ባዶ ቃል ሆኖ አልቀረም። ኦኬኬ የኢግቦ ሴቶች በገላና በግድግዳ ላይ የሚሥሉትን ኡሊ የተባለ የመስመር ጌጥ አጥንቶ፣ ያን ቀጭንና ተጠማዛዥ መስመር በነጭ ወረቀት ላይ ለሚሠራቸው ንድፎች መሠረት አደረገው። ኦኖብራክፔያ በበኩሉ ወደ ኅትመት ሥራ አዘንብሎ የኡርሆቦን ሕዝብ ተረቶች በዚያ መንገድ ገለጠ። ከአንድ ስብሰባ የተነሡ ሰዎች ወደ ተለያየ አቅጣጫ መሄዳቸው የማኅበሩን ጤንነት ያሳያል። አባላቱ ሲመረቁ እ.ኤ.አ. በ1961 ማኅበሩ ተበተነ፤ በዚያው ዓመት በኢባዳን የተከፈተው ምባሪ የተባለው የጸሐፊዎችና የሠዓሊዎች ክበብ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽን የኦኬኬና የንዎኮ ሥራዎች ነበሩ።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ ያደረጉት ከመደበኛው የትምህርት ሰዓት ውጭ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሊሰጠው ይገባ የነበረውን ክፍል ተማሪዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ለራሳቸው ሰጡ ማለት ነው። ሁሉም የተማሪዎች ትውልድ እንዲህ ያለ ዕድልና ድፍረት ስለማይኖረው ነገሩ በአጋጣሚ ሊተው አይችልም።

ርእስን ከመምረጥ እስከ ሥራው መብሰል

በራሱ ሥራ የሚጀምር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ሰፊ የሆነ ርእስ ይዞ ይመጣል። ድህነት፣ ሰላም፣ እናትነት፣ የሰው ልጅ ስቃይ እያለ ይዘረዝራል። እነዚህ ቃላት በስብሰባ ላይ ያምራሉ፤ በሸራ ላይ ግን ምን እንደሚሆኑ ማንም አያውቅም። የመምህሩ የመጀመሪያ ተግባር ተማሪውን ከሰፊው ቃል አውርዶ በእግሩ ሄዶ ሊያየው፣ በእጁ ሊነካው ወደሚችል ነገር ማድረስ ነው።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ መርካቶን እሥላለሁ ብሎ ቢነሣ፣ መርካቶ ለአንድ ዓመት ሥራ ቀርቶ ለዕድሜ ልክም ይበዛል። መምህሩ ከመርካቶ የትኛው ቦታ፣ ከቦታውስ የትኛው ነገር እያለ ቢጠይቀው፣ ተማሪው ምናልባት ምናለሽ ተራ ላይ ሊቆም ይችላል። በዚያ በርሜል ተቀዶና ተደብድቦ ዝርግ ብረት ይሆናል፤ ዝርጉ ብረት ምጣድ ማስቀመጫ፣ ምድጃ ወይም ሣጥን ይሆናል፤ አሮጌ ጎማ ጫማ ይሆናል። አሁን ርእሱ ጠበበ፤ ጥያቄም ወለደ። አንድ ዕቃ ሌላ ዕቃ ሲሆን ከቀድሞው ማንነቱ በላዩ ላይ ምን ይቀራል? የመዶሻው ጠባሳ፣ በግማሽ የተቆረጠው የፋብሪካ ጽሑፍ፣ የቀለሙ ፍቅፋቂ ሁሉ ለዐይን የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለስድስት ወር ሥራ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የንድፍ ደብተር ነው። ብዙ ተማሪዎች ደብተሩን ለፈተና ሲባል በመጨረሻው ሳምንት ይሞሉታል፤ የተጣራ ንድፍ በንጹሕ ገጽ ላይ እየደረደሩ ፈታኙን ለማስደሰት ይሞክራሉ። ልምድ ያለው መምህር ይህን በአንድ እይታ ያውቀዋል። እውነተኛ የንድፍ ደብተር ቆሻሻ ነው፤ የቡና ጠብታ፣ ሳያልቅ የተተወ መስመር፣ ከመዶሻ መቺው ጋር የተደረገ ንግግር ማስታወሻ፣ የብረት ዋጋ፣ የተለጠፈ የቆርቆሮ ቁራጭ ይገኝበታል። በቦታው ተገኝቶ ከሚነደፈው ሌላ ቤት ከተመለሱ በኋላ ያለ ማየት ከትዝታ መንደፍ እጅግ ይጠቅማል፤ አእምሮ ያስቀረውና የጣለው ነገር ተማሪውን በእርግጥ የሳበው ምን እንደ ሆነ ይገልጥለታልና።

ቁሱም ከርእሱ ጋር ሊመረመር ይገባዋል። ያው ተማሪ በሸራ ፈንታ በራሱ በቆርቆሮው ላይ ልሣል ቢል ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የቁሱን ጠባይ ማወቅ አለበት። በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ላይ በቀጥታ የተቀባ የዘይት ቀለም ከዚንኩ ጋር ተዋሕዶ ሳሙና መሰል ስስ ንጣፍ ስለሚፈጥር ጥቂት ቆይቶ ይላጣል። ስለዚህ ብረቱ ከቅባት ጸድቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ለዚንክ ተስማሚ የሆነ መሠረት ቀለም ሊቀባ ይገባዋል። በአቡጀዲ ላይ የሚሥልም ቢሆን ጨርቁን በሙጫ ሳይሸፍንና ነጭ መደብ ሳይቀባ የዘይት ቀለም ቢያሳርፍበት፣ ዘይቱ ሲደርቅ የጨርቁን ጭረት እያቃጠለ በዓመታት ውስጥ ያበሰብሰዋል። ከላይ የሚደረበው ቀለም ከታችኛው ይልቅ ዘይት የበዛበት ይሁን የሚለው የቆየ ሕግም የሚያገለግለው ለዚሁ ነው፤ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም በዘገየው ላይ ቢደረብ ይሰነጠቃል። በጋዜጣ ወረቀት ላይ የተሠራ ንድፍ ደግሞ በብርሃን ቶሎ ይወይባል። ነጻነት የተሰጠው ተማሪ ለእነዚህ ሕጎች የበለጠ ተገዢ ይሆናል፤ የሚሳሳተው በመምህሩ ቁስ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ነውና።

አንድ ትልቅ ሥዕል ይዞ ስድስት ወር ከመቀመጥ ይልቅ በአንድ ጥያቄ ላይ ብዙ ትናንሽ ሥራዎችን መደዳውን መሥራት ይመረጣል። ሠላሳ ትናንሽ ሥዕሎች ቢሠሩ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ተማሪው ቀድሞ የሚያውቀውን ይደግማሉ። ቀጣዮቹ ብዙውን ጊዜ ይበላሻሉ፤ የሚያውቀው አልቆበታል፤ አዲሱም ገና አልመጣም። መምህሩ በጣም የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። ሆኖም ብሩሹን ተቀብሎ ላሳይህ ቢለው ተማሪው ሊያልፍበት የሚገባውን በር ይዘጋበታል። መጠየቅ፣ መጠበቅ፣ የሌላ ሠዓሊን ሥራ ማሳየት ይሻላል።

ሥራ በመካሄድ ላይ ሳለ የሚደረገው የጋራ ሒስ ሌላው ዋና ነገር ነው። በእኛ አገር ሒስ የሚለው ቃል ከአብዮቱ ዘመን የስብሰባ ልማድ የወረሰው ጥላ ስላለበት ተማሪው ስለ ሥራው ሲጠየቅ እንደ ተከሳሽ ራሱን መከላከል ይቀናዋል። አንዳንድ መምህራን የሚጠቀሙበት ጥሩ ዘዴ የሥራው ባለቤት ለመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ምንም ሳይናገር ጓደኞቹ የሚያዩትን ብቻ እንዲገልጹ ማድረግ ነው። ወድጄዋለሁ ወይም አልወደድኩትም ማለት አይፈቀድም፤ ዐይኔ መጀመሪያ እዚህ ጋ ያርፋል፣ ይህ ጥግ ባዶ ይመስለኛል፣ ይህ ቅርጽ በር ነው ወይስ በርሜል የሚል አስተያየት ይሰጣል። ባለቤቱ ሊል የፈለገውና የታየለት ምን ያህል እንደሚራራቁ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ይሰማል።

ለሕዝብ ማቅረብ

ኤግዚቢሽን ከሥራው በኋላ የሚመጣ በዓል ብቻ ተደርጎ ሲታሰብ ጥቅሙ ግማሽ ይቀራል። መምረጥ ራሱ የመጨረሻው የሥዕል ሥራ ነው። ከሠላሳ ሥራዎች መካከል ስምንቱን ማስቀረት ማለት ሃያ ሁለቱን መተው ማለት ስለ ሆነ፣ ከሚተዉት ውስጥም ተማሪው ብዙ የደከመባቸው ስለሚገኙ፣ ምርጫው ያማል። ብዙ የደከሙበት ሥራ ሁሉ ጥሩ ሥራ እንዳልሆነ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

በለንደን በጎልድስሚዝስ ኮሌጅ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ተማሪዎች በየሙያው ሳይለያዩ እያንዳንዱ የመረጠውን ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ዴሚየን ኸርስት የተባለ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሰሪ ዶክስ አካባቢ የነበረ የወደብ አስተዳደሩን ባዶ ሕንፃ አግኝተው፣ ራሳቸው ጠርገውና ቀለም ቀብተው፣ የዐሥራ ስድስት ወጣቶችን ሥራዎች ፍሪዝ በተባለ ኤግዚቢሽን አቀረቡ። ገንዘብ ከአካባቢው የልማት ድርጅት ጠይቀው አገኙ፤ የታተመ ካታሎግ አዘጋጁ፤ የታወቁ የሙዚየም ኃላፊዎችንና ሰብሳቢዎችን ጋበዙ። ከተሳታፊዎቹ አንዳንዶቹ በኋላ ያገኙት ዝናና ሀብት ስለ ኤግዚቢሽኑ የሚነገረውን ሁሉ ሸፍኖታል። ለትምህርት ሰው የሚጠቅመው ግን ዝናው አይደለም፤ ተማሪዎቹ ሕንፃ መፈለግን፣ ግድግዳ መቀባትን፣ ደብዳቤ መጻፍን የሥነ ጥበብ ሥራ ክፍል አድርገው መቁጠራቸው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ስም የያዘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም መኖሩ ለአገራችን ተማሪ ትልቅ ዕድል ነው፤ ቢሆንም ኮሪደር፣ የወረዳ አዳራሽ ወይም ምናለሽ ተራ ራሱ ማሳያ ሊሆን ይችላል። በርሜል የሚቀጠቅጠው ሰው ስለ እርሱ ሥራ የተሣለውን አይቶ የሚሰጠው አስተያየት ከፈታኙ አስተያየት የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ሥራዎችን መስቀል ሒሳብ ይጠይቃል። የግድግዳው ርዝመት 12 ሜትር፣ የእያንዳንዱ ሥዕል ወርድ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከላቸውና በሁለቱ ጫፎች የሚተወው ቦታ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ግድግዳው የሚይዘው ስምንት ሥዕሎች ብቻ ነው፤ ስምንቱ 6.4 ሜትር፣ ዘጠኙ ክፍተቶች 5.4 ሜትር ሆነው በድምሩ 11.8 ሜትር ይሆናሉ። ተማሪዎች ዘጠነኛውንና ዐሥረኛውን ለመጨመር ክፍተቱን ያጣብባሉ፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሥዕል የጎረቤቱን ድምፅ ይውጣል። የሥዕሉ መካከል ከወለሉ ከ145 እስከ 155 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢያርፍ ለአብዛኛው ተመልካች ይስማማል። በወረቀት ላይ የተሠሩ ሥራዎች ለብርሃን ስስ ስለ ሆኑ 50 ሉክስ ገደማ ይበቃቸዋል፤ የዘይት ሥዕል እስከ 200 ሉክስ ይችላል፤ የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ግን ለሁለቱም አይሆንም። በኅትመት ሥራ ላይ የቅጂው ተራና የጠቅላላው ብዛት ከሥዕሉ ግርጌ በእርሳስ ይጻፋል፤ 3/20 ማለት ከሃያ ቅጂዎች ሦስተኛው ማለት ነው። የዘይት ሥዕል በሚገባ እስኪደርቅ ወራት ስለሚፈጅ በመክፈቻው ዋዜማ የተጠናቀቀ ሥዕል በተመልካች ልብስ ላይ ቀለሙን ይተዋል እንጂ ቫርኒሽ አይቀባም።

ከሥራው ጎን የሚለጠፈው መግለጫ ብዙ ጊዜ የተማሪው ድክመት የሚጋለጥበት ነው። ፍልስፍና መሰል ቃላት ተደራርበው ሥዕሉ ያላለውን ሁሉ አለ ይሉታል። ሥራው የተጀመረበት ቦታ፣ የታየው ነገር፣ የተሞከረው ቁስ፣ የተነሣው ጥያቄ በአምስትና በስድስት ዐረፍተ ነገሮች ቢጻፍ ለተመልካቹ ይበቃዋል።

የቀረው ጉዳይ ምዘናው ነው። መምህሩ ያላዘዘውን ሥራ በምን ሚዛን ይመዝናል? ያለቀለትን ሥዕል ብቻ አይቶ ውጤት የሚሰጥ ፈታኝ ሳያውቀው ጥንቃቄን ይሸልማል። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የሚችለውን አንድ ዓይነት አሣሣል አጽድቶ ያቀረበው ተማሪ ከፍተኛ ውጤት ሲያገኝ፣ አዲስ ቁስ ሞክሮ ግማሹ የተበላሸበት ዝቅተኛ ያገኛል፤ የሚከተለውም ዓመት ተማሪዎች ትምህርቱን ወዲያው ይቀስማሉ። ስለዚህ የንድፍ ደብተሩ፣ የተጣሉት ሥራዎች፣ በየጊዜው የተደረገው ሒስ ማስታወሻ ከኤግዚቢሽኑ ጋር አብረው ሊቀርቡና ድርሻቸው ከመጀመሪያው ለተማሪው ሊነገረው ይገባል። ከአንድ በላይ ፈታኝ መኖሩ፣ አንዱም ከትምህርት ክፍሉ ውጭ የመጣ መሆኑ የግል ጣዕምን አድልዎ ይቀንሳል። የፈታኞቹ ጉብኝት ሥራዎቹ ከተሰቀሉ በኋላ፣ ነገር ግን ለሕዝብ ከመከፈታቸው ቢያንስ አንድ ቀን በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ተማሪው በባዶው አዳራሽ ውስጥ በሥራዎቹ መካከል ቆሞ ጥያቄዎችን ለመመለስ፣ ካስፈለገም አንዱን ሥዕል አውርዶ ሌላውን ለመስቀል ጊዜ ያገኛል።